ለጆርናል ጽሑፍ በፍሪላንሰር ሥዕል አሠርተን ሐሞቴ ፈሰሰ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ሐሞተ_ኮስታራ፣ ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ስሜ እንደሚነግራችሁ ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው ሐሞት ከረጢት በማውጣት ነው። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አንድ ጽሑፍ ለጆርናል እያዘጋጀን ነው። ሐሞት ከረጢት በላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራና መሣሪያ) ሲወጣ ዋናው የሐሞት ቱቦ በስህተት እንዳይቆረጥ ምን መደረግ እንዳለበት የሚያስረዳ ነው። አራት ሥዕል ያስፈልገዋል። እኔ ስስል ጉበቱ ጫማ ይመስላል። አንዱ ባልደረባዬ ሲስል ደግሞ ጫማም አይመስልም። ስለዚህ ገንዘብ አዋጥተን በፍሪላንስ የሚሠራ የሕክምና ሥዕል ሠሪ ፈለግን። ያገኘነው ሰው የቀድሞ ሥራዎቹ አፍ ያስከፍታሉ። ግማሹን ክፍያ ቀድመን ሰጠነው።

ያዘዝነው በሦስት መስመር ኢሜይል ነው፦ የካሎትን ትሪያንግል (ከከረጢቱ አንገት አጠገብ ያለውን፣ ቱቦውና ደም ቅዳው የሚለዩበትን ሦስት ማዕዘን ቦታ) በግልጽ የሚያሳይ፣ ለቀዶ ሐኪሞች የሚሆን፣ ባለቀለም፣ የሚያምር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ሥዕል ተጠናቆ መጣ። ውበቱን አትጠይቁኝ፤ ጉበቱ ላይ የመብራቱ ነጸብራቅ ሳይቀር አለ። ነገር ግን ሆዱ ተከፍቶ ከፊት ለፊት የሚታይ ነው፤ ከረጢቱ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። እኛ በካሜራ የምናየው እኮ እንዲህ አይደለም! ጫፉ በመቆንጠጫ ተይዞ በጉበቱ ላይ ወደ ቀኝ ትከሻ ይገፋል፣ አንገቱ ወደ ጎን ይሳባል፣ ከዚያ ነው ሥራ የሚጀመረው። በዚህ ሥዕል የተማረ ጀማሪ ሐኪም ቀዶ ክፍል ሲገባ የሚያየው ሌላ ዓለም ነው።

እንዲያስተካክል ስነግረው «ይህ ማስተካከያ ሳይሆን አዲስ ሥዕል ነው» ብሎ የአንዱን ሥዕል ዋጋ 60 ከመቶ ተጨማሪ ጠየቀ። ሰው ለራሱ ስህተት ያስከፍላል? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?


እርሳስና_ላጲስ፣ ሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ አትቆጣኝና እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ። 11 ዓመት ይህንኑ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ባደላ ከወዲሁ ይቅርታ።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት የእርሳስ ረቂቅ ልኮልህ ነበር ወይ? ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። የእኛ ሥራ ሲጀመር የምንልከው በጣት የሚያክል ጭረት ነው፤ ከየት አቅጣጫ እንደሚታይና ምን የት እንደሚቀመጥ ብቻ የሚያሳይ። እሱ ላይ ከተስማማን የመስመር ረቂቅ ይከተላል፣ ከዚያ ቀለም። በረቂቁ ላይ ጉበቱን ከፍ አድርግ ብትለኝ ሃያ ደቂቃ ነው። ቀለም ላይ ስትነግረኝ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ጥላው የት እንደወደቀ፣ ስቡ ምን ላይ እንደተኛ ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል። የእይታ አቅጣጫ መቀየር ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ ቤት ከተሠራ በኋላ በሩን ወደ ሌላ ጎን አዙሩልኝ እንደማለት ነው።

ሌላው፣ «የሚያምር» የምትለዋን ቃል በትእዛዝ ውስጥ ባየሁ ቁጥር ቀዝቃዛ ላብ ያሰምጠኛል።


ሐሞተ_ኮስታራ፣ ማክሰኞ ጠዋት

እህትህ ነኝ፣ ወንድምህ አይደለሁም። ግድ የለም፣ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለኝ።

ረቂቅ... አዎ፣ ልኮ ነበር። ኢሜይሉን መለስ ብዬ አየሁት። ለሦስታችንም ነው የላከው። እኔ ተረኛ ነበርኩ፣ አልከፈትኩትም። አንዱ ባልደረባዬ ጭራሽ አልመለሰም። ትልቁ ሐኪማችን በሁለት ቀዶ ሕክምና መካከል በስልኩ አይቶ «ቆንጆ ነው፣ ቀጥል» ብሎታል። በስልክ! ሥዕሉ በስልኩ ላይ የቴምብር ያህል ቢሆን ነው።


ፒክስል_በላ፣ ማክሰኞ

ይቅርታ፣ ግን በዚህ ዘመን አሁንም ለእርሳስ ረቂቅ ሦስት ሳምንት የሚጠብቅ ሰው አለ? ለኤአይ ንገሪው፣ በአንድ ደቂቃ አርባ ዓይነት ያወጣልሻል። ከፈለግሽ ደግሞ ከአትላስ (ከአናቶሚ ሥዕል መጽሐፍ) ላይ አንዱን ወስዶ ትሬስ ማድረግ፣ መስመሩን ተከትሎ መቅዳት ነው፤ ጉበት ጉበት ነው፤ ማንም ባለቤት የለውም።


ኮማ_ለቃሚ፣ ማክሰኞ

ፒክስል_በላ፣ ጉበት ባለቤት የለውም፤ የጉበት ሥዕል ግን አለው። ሥራዬ ጆርናል ላይ ከኅትመት በፊት ጽሑፍና ሥዕል ማዘጋጀት ነው። ከአትላስ ትሬስ ተደርጎ የመጣ ሥዕል ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ያው አንግል፣ ያው የስብ ቅንጣት፣ ያው የተቆረጠ ጠርዝ። ቀለሙ ስለተቀየረ አዲስ ሥራ አይሆንም። ደራሲዎቹን ፈቃድ አምጡ ስንላቸው ነው ድንጋጤው የሚጀምረው።

ኤአይን በተመለከተ በ2024 መጀመሪያ የሆነውን አስታውስ። በኤአይ የተሠራ የአይጥ ሥዕል ያለበት ጽሑፍ ግምገማ አልፎ ታተመ። የአይጡ ብልት ከአይጡ ይገዝፋል፤ ክፍሎቹን የሚሰይሙት ጽሑፎች ፊደል የሚመስሉ ነገር ግን ትርጉም የሌላቸው ነበሩ። ዓለም ሲስቅበት በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። የሳይንስ ጆርናሉ ኔቸር ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በ2023፣ በኤአይ የተፈጠረ ምስል እንደማያትም አስታውቋል። ሁሉም ጆርናል አንድ ዓይነት መመሪያ የለውም፤ ግን ከማስገባታችሁ በፊት አንብቡት።


እርሳስና_ላጲስ፣ ማክሰኞ

እኔ ኤአይን የምፈራው ሥራ ስለሚወስድብኝ ብቻ አይደለም፤ እሱንም አልክድም። ዋናው ነገር የሕክምና ሥዕል አብዛኛው ሥራ መተው ነው። እውነተኛ ሆድ ውስጥ ሁሉም ነገር ቢጫ ስብና ቀይ ነገር ነው። ፎቶ ያነሳ ሰው ያውቀዋል፤ ምንም አይለይም። ሥዕል ሠሪው ስቡን አንስቶ፣ ደሙን ጠርጎ፣ አንዱን ሽፋን ከፈት አድርጎ «ይኸውልህ፣ ይህችን ተመልከት» ይላል። ምን እንደሚተው ለመወሰን ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሚፈልግ ማወቅ አለብህ። ማሽኑ የተወውን ነገር ለምን እንደተወው ብትጠይቀው መልስ የለውም፤ እኔ አለኝ። ከሌለኝ ደግሞ አትክፈለኝ።


አናቶሚ_ሽማግሌ፣ ማክሰኞ ማታ

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ብዙ ዓመት አናቶሚ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ዶክተር ሐሞተ ኮስታራ፣ ከፈቀድሽልኝ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ «የካሎት ትሪያንግል» ስትዪ የትኛውን ነው?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ፈረንሳዊው ካሎት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የገለጸው ሦስት ማዕዘን የላይኛው ጎኑ ከረጢቱን የሚቀልበው ደም ቅዳ፣ ማለትም ሲስቲክ አርተሪ ነበር። ዛሬ ቀዶ ሐኪሞች በዚሁ ስም የሚጠሩት ግን የላይኛው ጎኑ የጉበቱ የታችኛው ጠርዝ የሆነውን ሰፊውን ቦታ ነው፤ በትክክለኛ ስሙ ሄፓቶሲስቲክ ትሪያንግል። ደም ቅዳው በዚህኛው ውስጥ ያልፋል እንጂ ድንበሩ አይደለም። ሥዕል ሠሪሽ መጽሐፍ ከፍቶ የመጀመሪያውን ከሳለ፣ አልተሳሳተም። አንቺም አልተሳሳትሽም። ሁለታችሁም ትክክል ሆናችሁ ሥዕሉ ግን የማይሆን ሆነ።


ሐሞተ_ኮስታራ፣ ማክሰኞ ሌሊት

ጋሼ፣ አሁን ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። ሦስት ማዕዘኑን በቀጭን ነጠብጣብ አስምሮታል፤ የላይኛው መስመር በትክክል ደም ቅዳውን ተከትሎ ነው የሄደው። አሥራ ምናምን ዓመት ይህን ስም ስጠራ አንድ ቀን እንኳ ሁለት ትርጉም አለው ብዬ አስቤ አላውቅም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ግን እንቅልፌን ወሰዱብኝ።


አናቶሚ_ሽማግሌ፣ ረቡዕ ጠዋት

እንቅልፍሽን ከወሰድኩ አይቀር አንድ ልጨምር። ረቂቅ ሲመጣ በስክሪን አትዩት። በትልቁ አትሙት፤ ቀይ እስክሪብቶ ያዙና እያንዳንዷን መስመር በጣት እየተከተላችሁ «ይህች ከየት መጣች፣ ወዴት ገባች» በሉ። የሚያዩት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ አስቀድመው እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ። ብዙ የተለመዱ ስህተቶች ዓይን የሚያልፋቸው ሥዕሉ «እውነት ስለሚመስል» ብቻ ነው። ለምሳሌ ዲኤንኤ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ያልታተመበት ቦታ የለም፤ ተፈጥሮ ውስጥ በብዛት ያለው ወደ ቀኝ የሚጠመዘዘው ነው። አንዱ ዲዛይነር ገጹ እንዲያምርለት ምስሉን በመስታወት ይገለብጠዋል፣ ሌላው ይቀዳዋል፣ እንዲህ እያለ ይኖራል። በሆድ ውስጥ ሲሆን ግን ገልብጦ ማሳመር ጉበትን ወደ ግራ ማዞር ነው። የበሽተኛው ቀኝ በተመልካቹ ግራ በኩል መሆኑን የረሳ ዲዛይነር ያስለቀሰኝ ጊዜ ነበር፤ ኩላሊት ነበር የተሳለው፣ ቀዶ ሕክምናውም የግራ ኩላሊት ነበር። ከዚህ በላይ አልናገርም።


ውል_አዋቂ፣ ረቡዕ

ስለ ገንዘቡ ልመልስልሽ፤ ጠበቃ ነኝ፤ ይህን ጉዳይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ውላችሁ ውስጥ ስንት ዙር ማስተካከያ ተካቷል ይላል? «በረቂቅ ደረጃ ሁለት ዙር፣ በቀለም ደረጃ አንድ ዙር ጥቃቅን ማስተካከያ፣ ከተፈቀደ ረቂቅ ውጪ የሚመጣ ለውጥ በተጨማሪ ክፍያ» የሚል ዓረፍተ ነገር የተለመደ ነው። እንዲህ ከሆነ፣ ትልቁ ሐኪማችሁ «ቀጥል» ያሉት ቃል ፊርማ ነው።

ከዚህ ግን የሚከብደው ሌላ ነው። የሥዕሉ ባለቤት ማን ነው? ብዙ ደራሲ «ከፍዬበታለሁ፣ የእኔ ነው» ብሎ ያስባል። በብዙ አገር ሕግ ፍሪላንሰር የሳለው ሥዕል የቅጂ መብቱ ገና ሲፈጠር የሳለው ሰው ነው፤ በጽሑፍ ካላስተላለፈ በስተቀር አንቺ የገዛሽው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። ለየትኛው ጽሑፍ፣ ለስንት ዓመት፣ ለኅትመት ብቻ ወይስ ለስላይድም ጭምር፣ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ተከልክሏል ወይስ አልተከለከለም፣ እነዚህ ሁሉ ካልተጻፉ ጭቅጭቁ የሚመጣው ሥዕሉ ታዋቂ ሲሆን ነው።


ኮማ_ለቃሚ፣ ረቡዕ

እዚህ ላይ ልግባ፣ ምክንያቱም በየወሩ የምናየው ፈንጂ ነው። ጽሑፉ በክፍት ተደራሽነት (ማንም በነጻ እንዲያነበው) የሚወጣ ከሆነና ፈቃዱ ሲሲ ባይ የሚባለው ከሆነ፣ ማንም ሰው ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ሥዕሉን ለንግድም ጭምር ሊጠቀምበት ይችላል። ሥዕል ሠሪው ደግሞ «ለአንድ ጊዜ ኅትመት ብቻ» ብሎ ሰጥቶሻል። አንቺ የሌለሽን መብት ለዓለም ሁሉ ሰጠሽ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የትኛው ጆርናል ላይ በየትኛው ፈቃድ እንደሚወጣ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ንገሪው። ዋጋውን ከፍ ያደርግ ይሆናል፤ ያ ተገቢ ነው። ወይም ሥዕሉ በተለየ ፈቃድ መያዙን መግለጫው ላይ ማስጻፍ ይቻላል፣ ጆርናሉ ከተስማማ።


አናቶሚ_ሽማግሌ፣ ረቡዕ

ስለ መብት ከተነሳ፣ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምነግራቸው አለ። በ1858 የወጣውን፣ ዛሬም በሄንሪ ግሬይ ስም የሚጠራውን የአናቶሚ መጽሐፍ ሥዕሎች የሠራው ሄንሪ ቫንዳይክ ካርተር የሚባል ሐኪም ነው። አንድ ጊዜ ተከፍሎት አበቃ፤ ከሽያጩ ድርሻ አልነበረውም። የርዕስ ገጹ የሙከራ ኅትመት ሲመጣ የካርተር ስም ከግሬይ እኩል በሆነ ፊደል ተጽፎ ነበርና ግሬይ እንዲያንስ አዘዘ። መጽሐፉን ግን ተማሪ የወደደው በካርተር እጅ ነው። የእያንዳንዱን ክፍል ስም ከጎን በቁጥርና በቁልፍ ከመስጠት ይልቅ አካሉ ላይ ራሱ ጻፈው፤ አጥንቱን ስታይ ስሙ በአጥንቱ ላይ ተኝቶ ታነቢያለሽ። ሥዕል ሠሪ እጅ ብቻ ነው የሚል ካለ ይህን ንገሩልኝ።

ማክስ ብሮደልንም ጨምሩበት። በ1911 በጆንስ ሆፕኪንስ የመጀመሪያውን የሕክምና ሥዕል ትምህርት ክፍል የከፈተ ሰው ነው። ኩላሊትን ለመሳል የደም ቧንቧዎቹን ሲያጠና ቆርጦ ለመግባት ደም የሚያንስበትን መስመር ለየ፤ ዛሬም ዩሮሎጂስቶች (የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ሐኪሞች) የብሮደል መስመር ይሉታል። በእርሳስ የተገኘ ነገር!


ሦስተኛ_ዓመት፣ ረቡዕ ማታ

የሕክምና ተማሪ ነኝ፣ መሳል እወዳለሁ፤ ይህን ሥራ እንዴት ነው የሚገባበት? ደግሞ ዶክተር፣ ከአራቱ ሥዕሎች አንዱ መሣሪያ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ሆድ ላይ የሚያሳይ ከሆነ የቆዳው ቀለም ምን ይሆናል? በ2021 መጨረሻ ናይጄሪያዊው ቺዲበሬ ኢቤ የሳለው ጥቁር ጽንስ በማኅፀን ውስጥ የሚያሳየው ሥዕል ኢንተርኔቱን ሲያጥለቀልቀው፣ እኔ በትምህርት ቤት ቆይታዬ ጥቁር ጽንስ ተስሎ አይቼ እንደማላውቅ ያን ቀን ነው የተገነዘብኩት።


እርሳስና_ላጲስ፣ ረቡዕ ማታ

ጥሩ ነጥብ ነው፣ እና ማንም ካልተናገረ ፍሪላንሰሩ የለመደውን ቀለም ነው የሚቀባው። የቆዳውን ቀለም ከትእዛዙ ውስጥ አስገቡት፤ ጉዳዩ ውበት ብቻ አይደለም። መቅላት፣ ቁስል፣ የደም መቋጠር በጠቆረ ቆዳ ላይ መልኩም የሚታይበት ቀለምም ይለያል።

ወደ ሙያው ስለመግባት፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ብቻ የተዘጋጁ የማስተርስ ፕሮግራሞች አሉ፤ ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ቺካጎ፣ ቶሮንቶ ያሉትን ፈልግ። የሙያ ማኅበራቸውም ከ1945 ጀምሮ አለ። ግን እኔ ራሴ በዚያ በር አልገባሁም። ያለ ፕሮግራም የገባ ሰው የሬሳ ክፍል ደጅ መጥናት አለበት፤ ሌላ አቋራጭ አላውቅም።


አወያይ፣ ረቡዕ ማታ

ሙያውን ስለመማር ለብቻው ክር ክፈቱ፣ እዚህ ወደ ዋናው እንመለስ።


ሐሞተ_ኮስታራ፣ ሐሙስ

ውሉን አነበብኩት። ውል_አዋቂ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ነው ማለት ይቻላል፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ። እና እኛ ፈርመናል።

ለማስታረቅ ብዬ አሰብኩ፤ ለሥዕል ሠሪው የቀዶ ሕክምና ቪዲዮ ልላክለት? ሲቲ ስካንም አለኝ። ሦስቱንም ቀሪ ሥዕሎች ሳይጀምር ቢያየው የእይታውን ነገር ይረዳው ነበር።


ኮማ_ለቃሚ፣ ሐሙስ

ሳትልኪው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ እዪው። ብዙ የላፓሮስኮፒ ማሽኖች የበሽተኛውን ስም ወይም የካርድ ቁጥር በስክሪኑ ጥግ ላይ ይጽፋሉ፤ አንዳንዴ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ። ሲቲ ስካኑ ደግሞ ዳይኮም የሚባለው የሕክምና ምስል ፋይል ከሆነ ምስሉ ላይ ስም ባይታይም ፋይሉ ውስጥ ስም፣ የትውልድ ቀንና ምርመራው የተደረገበት ቀን ተጽፎ ይገኛል። የፋይሉን ስም መቀየር አያጠፋውም። ስም የሚያጸዳ ፕሮግራም አለ፣ በእሱ አሳልፉት፤ ሥዕል ሠሪው ለሚስጥር ጠባቂነትም ይፈርም። የበሽተኛው ፈቃድና የተቋማችሁ ደንብ ከዚህ ሁሉ በፊት ነው።


እርሳስና_ላጲስ፣ ሐሙስ

ቪዲዮ ወርቅ ነው፣ ግን አርባ ደቂቃ ቪዲዮ አትላኪ። እኔ የሚደርሰኝን ልንገርሽ፤ «ሁሉንም ልከንልሃል» ብለው 60 ጽሑፍ በፒዲኤፍ፣ ሁለት ሰዓት ቪዲዮ። ይህ ማብራሪያ አይደለም፣ ጥለውብኝ መሄድ ነው። «ከ14:20 እስከ 14:35፣ የግራውን መቆንጠጫ ተመልከት» የምትል አንዲት መስመር ከሁሉም ትበልጣለች።

ከቪዲዮውም በላይ የምፈልገው ግን አንቺ በእጅሽ የሣልሽውን ነው። አዎ፣ ጫማውን። ከቀዶ ሐኪም እጅ የወጣ መጥፎ ጭረት ውስጥ የሥራው ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ የሳልሽው ነገር መጀመሪያ የምትፈልጊው ነው፤ ደጋግመሽ ያደመቅሽው መስመር የምትፈሪው ነው። ይህን ከፎቶ አላገኘውም።

እና ከእያንዳንዱ ሥዕል በላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፣ ሥዕሉን ያየ ሰው ይዞት እንዲወጣ የምትፈልጊውን። ሁለት ዓረፍተ ነገር ካስፈለገሽ ሁለት ሥዕል ነው የምትፈልጊው።


ፒክስል_በላ፣ ሐሙስ

እሺ፣ ተረታሁ። ግን ፋይሉስ? እኔ ባወጣ ባንድ ጊዜ በ4ኬ ነው የማወጣው።


ኮማ_ለቃሚ፣ ሐሙስ

4ኬ የስክሪን ወሬ ነው። እኔ የምጠይቀው «በገጹ ላይ ስንት ሚሊሜትር ስፋት ይሆናል» ነው። ብዙ ጆርናሎች አንድ ዓምድ ወደ 90፣ ሁለት ዓምድ ወደ 180 ሚሊሜትር ግድም ነው፤ ባለቀለም ሥዕል በዚያ ስፋት ላይ በኢንች 300 ነጥብ፣ የመስመር ሥዕል ደግሞ ከዚያ በጣም ከፍ ያለ ይጠየቃል። ሥዕል ሠሪሽ በትልቁ ሲሠራ በጣም የሚያምር ጽሑፍ ይጽፋል፤ ወደ አንድ ዓምድ ሲወርድ ፊደሉ ነፍሳት ይሆናል። ስለዚህ በመጨረሻው ስፋት አትመሽ አንብቢው።

ሁለተኛ፣ መለያ ጽሑፎቹ በተለየ ሌየር (የፋይሉ ንብርብር) ላይ ይሁኑ፣ ምስሉ ውስጥ እንዳይጋገሩ። ኤዲተር አንድ ቃል ቀይሩ ሲል ጉበቱን መልሶ መሳል የለበትም፤ ሥዕሉ በሌላ ቋንቋ ሲወጣም እንዲሁ። ሌየሮቹ ያሉበትን ፋይል መውሰድ ደግሞ በራሱ አይመጣም፤ በውሉ ካልተጻፈ የሚሰጥሽ የመጨረሻውን ቲፍ፣ ማለትም ያለቀለትን የምስል ፋይል ብቻ ነው።


አናቶሚ_ሽማግሌ፣ ሐሙስ

ቀለሙንም አደራ። ልማዱ ደም ቅዳ ቀይ፣ ደም መልስ ሰማያዊ፣ ነርቭ ቢጫ፣ የሐሞት ቱቦ አረንጓዴ ነው። በዚህ ሥዕል ደግሞ ዋናዎቹ ሁለት ነገሮች አንዱ ቀይ አንዱ አረንጓዴ ሆነው ጎን ለጎን ይቆማሉ። የትውልድ መሠረታቸው ሰሜን አውሮፓ ከሆነ ወንዶች መካከል ወደ 8 ከመቶ የሚሆኑት ቀይና አረንጓዴ በደንብ አይለዩም፤ ከቀዶ ሐኪሞችም መካከል እንዲህ ያሉ አሉ። ሥዕሉን ወደ ግራጫ ቀይራችሁ ተመልከቱት። ሁለቱ አንድ ከሆኑ አንዱ ይጥቆር፣ ወይም ደም ቅዳው ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ይግባበት።


ሐሞተ_ኮስታራ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ

ወሬውን ሳልጨርስ ጠፋሁ፣ ይቅርታ።

ሥዕል ሠሪውን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱም «የትኛው ትሪያንግል ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። ተጨማሪውን ክፍያ 60 ከመቶ ከነበረው ወደ 30 አወረደው፤ እኛም ያለ ክርክር ከፈልን። ቅጂ መብቱ የእሱ ሆኖ ይቀጥላል፤ እኛ ለጽሑፉ፣ ለማስተማሪያና ለስላይድ የማያልቅ ፈቃድ አለን፤ ጆርናሉ ክፍት ስለሆነ ፈቃዱን አስቀድሞ አይቶ ነው የተስማማው። መግለጫው ላይ ስሙ አለ። ትልቁ ሐኪማችን «ስሙ ለምን ያስፈልጋል» ሲሉ የካርተርን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ዝም አሉ።

ለሁለተኛው ሥዕል የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «የቱቦ መዝጊያ ክሊፕ ከመግባቱ በፊት ወደ ከረጢቱ የሚገቡ ሁለት ነገሮች ብቻ፣ ሁለት ብቻ፣ መታየት አለባቸው።» ይህ ከ1995 ጀምሮ የሚታወቀው የቀዶ ሐኪሙ የስትራስበርግ መመዘኛ አካል ነው፤ ሦስት ማዕዘኑ ከስብ መጽዳትና የከረጢቱ የታችኛው ሲሶ ከጉበቱ መላቀቅ አብረውት አሉ። ሥዕል ሠሪው ዓረፍተ ነገሩን አንብቦ «ታዲያ ከኋላ ጉበቱ በሁለቱ መካከል መታየት አለበት፣ አይደል?» አለኝ። ሳልነግረው! መስኮት የመሰለ ክፍተት ትቶ ጉበቱን በዚያ በኩል አሳየው። እኛ በሁለት አንቀጽ ልናስረዳ የሞከርነው ነገር በዚያች ክፍተት አለቀ፤ አንቀጾቹን ሰረዝናቸው።

ረቂቁን ሦስታችንም ለየብቻ አትመን በቀይ አረምነው። ትልቁ ሐኪማችን ብቻ ያዩት አንድ ስህተት ነበር፤ የመቆንጠጫው መንጋጋ በተቃራኒ ወገን ነበር የተከፈተው። እኔ አላየሁትም ነበር።

ግራጫውንም ሞከርነው። ደም ቅዳውና ቱቦው መጀመሪያ አንድ ሆነው ጠፉ፣ እንደተባለው። አሁን ቱቦው ጠቁሯል።


እርሳስና_ላጲስ፣ በዚያው ቀን

እንኳን ደስ ያለሽ። ጫማውስ? ላክሽለት?


ሐሞተ_ኮስታራ፣ በዚያው ቀን

ላክሁለት። በሐኪም ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ቀስቶች ሲደመሩ ጉበት ሳይሆን ጫማ ከነማሰሪያው ነው የሚመስለው። ትናንት በቪዲዮ ስናወራ ከኋላው ግድግዳው ላይ ተሰቅላ አየኋት። ከሥሯም በእርሳስ «ግራው የት አለ?» ብሎ ጽፎባታል።